ቀበሌ ማኅበር ሳለ

ለፍኖተ ሰላም ወይም ለቡሬ ነዋሪ ቀበሌ ማለት መታወቂያ የሚታደስበት፣ የነዋሪነት ማስረጃ የሚጻፍበት፣ «ሊቀመንበሩ ስብሰባ ገብቷል፤ ከሰዓት ተመለስ» የሚባልበት ቢሮ ነው። የመንግሥት የመጨረሻው እርከን መሆኑን ልጅ አዋቂው ያውቃል። ሲቋቋም ግን ቢሮ አልነበረም። አባላት፣ አባላቱ የሚመርጧቸው መሪዎች፣ የራሱ ገቢና በአዋጅ የተዘረዘረ ሥራ የነበረው የነዋሪዎች ማኅበር ነበር። ስለ ሰፈር መንገድ፣ ስለ ቤትና ስለ ጎርፍ መውረጃ ለማን አቤት እንደሚባል ግራ በሚያጋባበት በዚህ ጊዜ ይህን የተረሳ ማኅበር መተዋወቅ አይከፋም።

ነገሩ የሚጀምረው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ በዚያ ዕለት ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ፣ ከ500 ካሬ ሜትር የሚበልጥ የመኖሪያ ቦታም እንዳይዝ ተከለከለ። አዋጁ ሲነሳ ሁሌም የሚወራው ስለ ውርሱ ነው፤ ማን ስንት ቤት እንደተነጠቀ፣ የትኛው ተከራይ እንደጨፈረ። የተወረሰውን ቤት ማን ያስተዳድረው እንደነበር ግን ብዙም አይወራም። መንግሥት በየትንንሹ ከተማ ኪራይ የሚሰበስብ፣ የሚያፈስ ጣሪያ የሚያስጠግን ሠራተኛ ከየት ያመጣል? ሥራው ለነዋሪዎቹ ተሰጠ። በየሰፈሩ የከተማ ነዋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘና የወር ኪራዩ ከ100 ብር የማይበልጥ ቤት በማኅበሩ እጅ ገባ። ከዚያ በላይ የሚከራየው የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ድርሻ ሆነ። 100 ብር በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበርና በጎጃም ከተሞች የቤት ነገር በአብዛኛው የማኅበሩ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

አዋጁ ለማኅበሩ የዘረዘረውን ሥራ ዛሬ የሚያነብ ሰው መገረሙ አይቀርም። የሰበሰበውን ኪራይና ከመንግሥት የሚያገኘውን ድጎማ ይዞ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ቤቶች ይሠራል፤ የትምህርት፣ የጤና፣ የገበያና የመንገድ አገልግሎት ያቋቁማል፤ ቦታ እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል ይከታተላል፤ በቤትና በቦታ የተጣሉ ጎረቤታሞችን የሚዳኝ የፍርድ ሸንጎ ያቆማል። ገንዘቡም እዚያው ሰፈር ይቀራል። ተከራይ በወሩ መጨረሻ ከገንዘብ ያዡ ፊት ቆሞ ብሩን ቆጥሮ ሲሰጥ ካርኒ ይቆረጥለታል፤ ያው ብር ተመልሶ ለቦይና ለጠጠር ይውላል ተብሎ ነው የታሰበው። ገንዘብ ያዡም ሩቅ ሰው አይደለም፤ የዚያው ሰፈር ጎረቤት ነው።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሂሳቡ ግን ከመጀመሪያው አልሠራም። ያው አዋጅ የቤት ኪራይን ቀንሶ ነበር። የተቀነሰው ኪራይ ለዓመታት ሳይነካ ሲቀር፣ ከጭቃ ቤት የሚሰበሰበው ጥቂት ብር አዲስ ቤት መሥራት ቀርቶ የዛገ ቆርቆሮ መቀየሪያም አልሆነ። ቀበሌን የገደለው ፖለቲካ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ፖለቲካው የደረሰው ኪሱ ከተራቆተ ማኅበር ላይ ነው እላለሁ። ራሱን መቻል ያቃተው ማኅበር ከላይ የሚመጣ ትእዛዝ ጠባቂ ለመሆን ጊዜ አይፈጅበትም።

ትእዛዙም አልዘገየም። መስከረም 29 ቀን 1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ማኅበራቱን በቀበሌ፣ በከፍተኛና በከተማ ደረጃ አደራጅቶ ሥልጣናቸውን አሰፋ። ከዚያ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ጠመንጃ ታጠቀ፤ ቀይ ሽብር መጣ፤ ስለ መንገድና ስለ ቤት ሊመክሩበት የተሠራው የቀበሌ ግቢ ሰው የሚታሰርበት ሆነ። ከዚያ በኋላ የቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና በካርድ ቢያከፋፍልም፣ መሠረተ ትምህርት ብዙዎችን ፊደል ቢያስቆጥርም ነዋሪው በሩን ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ አልቀረም።

በገጠሩ ጎጃም ታሪኩ የሚጀምረው ከከተማ ቦታው አዋጅ በወራት ቀድሞ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣ ነው። ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር ይቋቋማል ተባለ፤ የዕድገት በኅብረት ዘማቾችም ሊያደራጁ ወጡ። የጎጃም ገበሬ መጀመሪያ በጥርጣሬ ነበር ያያቸው። አብዛኛው ጭሰኛ ሳይሆን ባለርስት ነው፤ ገና በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም አምፆ ነበርና መሬት ሊለካ የመጣ ባለሥልጣን ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል። ማኅበሩ ቀስ በቀስ ትምህርት ቤት አሠራ፣ ዛፍ አስተከለ፣ ጠብ ዳኘ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቁርጥ ዋጋ የሚወስደውን የእህል ኮታ የሚያሰባስበውም፣ ለጦር ግንባር ወጣት የሚመለምለውም ይኸው ማኅበር ነበር። ጎጃም ደግሞ ከሸዋና ከአርሲ ጋር ኮታው ይጫንባቸው ከነበሩ እህል አብቃዮች አንዷ ነበረች። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጎተራ እንዲያወጣ ሲታዘዝ የሚተርፈው ቂም ነው።

ቂሙ በ1989 ዓ.ም. ተወራረደ። በዚያ ዓመት በአማራ ክልል፣ በተለይም በጎጃም፣ መሬት ተሸንሽኖ ሲከፋፈል በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር አመራር የነበሩት «ቢሮክራት»፣ ከንጉሡ ዘመን ባላባቶች ጋር የተቆጠሩት ደግሞ «የፊውዳል ርዝራዥ» ተባሉና ይዞታቸው ከ4 ጥማድ እንዳያልፍ ተወሰነ። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው፤ አራቱ ተደምሮ አንድ ሄክታር ገደማ ይሆናል። ሌላው ገበሬ እስከ 12 ጥማድ ሊይዝ ይችል ነበር። አቤቱታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ የሄዱ ገበሬዎች ነበሩ። ከተቀጡት መካከል ሥልጣኑን ለበደል የተጠቀመ መኖሩ አይካድም፤ ሰፈሩ መርጦት፣ «እንቢ» ማለት ነውር ሆኖበት ኮሚቴ የገባም ነበር። መሬቱ ሲቀነስ ሁለቱም በአንድ ሚዛን ተመዘኑ። ያን ያየ የገበሬ ልጅ ለኮሚቴ ሲመረጥ ከወንበሩ ባይነሳ አይፈረድበትም።

ከኢትዮጵያም ውጭ ይህን የመሰለ ነገር ደርሷል። ቾናይካይ የሚባሉት የጃፓን የሰፈር ማኅበራት በ1940ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በመንግሥት መዋቅር ተጠልፈው ራሽን አከፋፋይና የጎረቤት ሰላይ ተደርገው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱን የያዘው ኃይል በ1947 ዓ.ም.፣ ያም በፈረንጆቹ ነው፣ አገዳቸው። እገዳው ሲነሳ ነዋሪዎቹ እንደገና አቋቋሟቸውና እስከ ዛሬ መዋጮ ሰብስበው የመንገድ መብራት ያስጠግናሉ፣ ቆሻሻ የሚጣልበትን ቀን ይወስናሉ። የእኛ ግን ስሙ ቀረና አባላቱ ጠፉ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የከተማው ነዋሪዎች ማኅበርም የገበሬ ማኅበሩም ቀበሌ አስተዳደር ሆኑ፤ ነዋሪው ደግሞ ከአባልነት ወደ ባለጉዳይነት ወረደ።

የሰፈር ሥራ ግን ቀበሌ ማኅበር መሆኑን ስለተወ አይቀርም። ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ዋና መንገድና ወደ ነቀምት የሚታጠፈው የሚገናኙባት ከተማ ናት። ፌቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ተመርቆባታል፤ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። ሥራ ፈላጊ ሲመጣ ቤት ያስፈልገዋል፤ ቦታ ደግሞ በሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 መሠረት በጨረታ ወይም በምደባ ነው። ስለዚህ መምህሩና ነርሱ በቤት ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው፣ በባንክ ቆጥበው ዕጣ ይጠብቃሉ። የባጃጅ አሽከርካሪዎችም ማኅበር አላቸው፤ ታሪፉን የሚያወጣው ግን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ነው፤ የሚሳፈረው ነዋሪ በሁለቱም ወገን ወንበር የለውም። በገጠር ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም እያንዳንዱን ቀበሌ ከዋና መንገድ ለማገናኘት ጠጠር ሲያነጥፍ ቆይቷል። መኪና በማይደርስበት ጎጥ ምጥ የያዛት ሴት ዛሬም በቃሬዛ ትወጣለች። ቃሬዛው ሁለት ረጅም እንጨትና በመካከሉ የተወጠረ ጠፍር ወይም ብርድ ልብስ ነው፤ የሚሸከሙት ጎረቤቶች በየርቀቱ ትከሻ እየተቀያየሩ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ጦርነት መንገድ በዘጋ ቁጥር ይህ ሸክም ጨምሯል።

እንዲህ ያለውን የጎረቤት ሥራ ከጀርባ የሚያንቀሳቅሰው ብዙውን ጊዜ ዕድር ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ አለው፤ ወርሐዊ መዋጮ፣ የቀሪ መቆጣጠሪያ መዝገብና ቅጣት አለው። ድንኳኑና ድስቱ ከሐዘን ውጭ ለሰርግ ይከራያል። 1967 ላይ በወረቀት የታሰበው የነዋሪዎች ማኅበር መልኩ ይህ ነበር፤ ልዩነቱ ዕድርን ማንም አላወጀውም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም ዕድርንና ዕቁብን «አይመለከትም» ብሎ ትቷቸዋል። ከመንግሥት እጅ መራቁ ጠብቆታል ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ከመቅበርና ከማስተዛዘን አልፎ የውኃ ቦኖ ወይም የመንገድ ውል ልፈርም ሲል የሚቆምበት መሠረት ይሳሳል።

ክፍተቱ በደንብ የሚታየው በኮብልስቶን ሥራ ነው። የሰፈሩ ሰዎች ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ በየአጥሩ የመንገድ ፊት ሜትር ልክ መዋጮ ይተመናል፤ አቅም ለሌላቸው እማማዎች ጎረቤት ይሞላል። ዲዛይንና መሐንዲስ ከማዘጋጃ ቤት እንዲመጣ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው ማኅተም ይፈልጋል፤ ማኅተሙ ያለው ቀበሌ ነው። ድንጋዩ ተነጥፎ፣ ሂሳቡ በስብሰባ ተነቦ፣ ኮሚቴው ተመስግኖ ይበተናል። በሐምሌ ጎርፍ ቦዩን በአፈር ሲደፍነው ቀበሌው ለጥገና የተያዘ በጀት የለም ይላል፣ ኮሚቴው የለም። የዕድሩ ጥሩምባ እሑድ ጠዋት ይነፋና አባላቱ አካፋና ዶማ ይዘው ይወጣሉ፤ ያልወጣ በወር መዋጮው ላይ ቅጣቱን ጨምሮ ይከፍላል።