ዳግም የተቀባ የጦርነት ዘመን የብረት ቆብ እንዴት ይለያል?

ያገለገለ የውኃ መሳቢያ ሞተር ሊገዛ ገበያ የወጣ አርሶ አደር አዲስ ቀለም ሲያይ ከመደሰቱ በፊት ይጠራጠራል። ቀለሙ ዝገት ሸፍኖ ወይም ስንጥቅ ደብቆ እንደሆነ ለማወቅ የብሎኖቹን ዙሪያ ይመለከታል፤ የፋብሪካውን ቁጥር ይፈልጋል፤ እጁ የሚደርስበትን ሁሉ ይዳስሳል። በአውሮፓ የቆዩ ዕቃዎች ገበያም ይህንኑ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ዕቃ አለ። እርሱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደሮች የደፉት የብረት ቆብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቆቡ ዛሬ በሙዚየሞች ይታያል፤ በሰብሳቢዎች ዘንድም ይሸጣል፣ ይለወጣል። ተራው ቆብ በብዛት ይገኛል። ብርቅ የሆነ የመሰወሪያ ቀለም ወይም የተለየ የጦር ክፍል ዓርማ ያለበት ግን ዋጋው ከተራው በብዙ እጥፍ ይልቃል። በመሆኑም ተራውን ቀብቶ ብርቅ ማስመሰል ትርፍ የሚያስገኝ ማጭበርበር ሆኗል። ይሁን እንጂ ዳግም የተቀባ ቆብ ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። ስለዚህ መርማሪው መቀባቱን ካወቀ በኋላ ማን፣ መቼና ለምን እንደቀባው መጠየቅ ይኖርበታል።

አራቱ ቀቢዎች

የመጀመሪያው ቀቢ ራሱ ጦሩ ነበር። በ1935 ሥራ ላይ የዋለው ቆብ ገጹ ለስላሳ ነበር። የምድር ጦሩ ቆብ በግራ ጎኑ የንስር ዓርማ፣ በቀኝ ጎኑ ደግሞ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ቀለም ያለው የጋሻ ዓርማ ይለጠፍበት ነበር። በ1940 የጋሻው ዓርማ እንዲነሣ፣ ቀለሙም ሸካራና ብርሃን የማያንጸባርቅ እንዲሆን ታዘዘ። በ1943 ደግሞ የንስሩ ዓርማ ቀረ። ከዚህ የተነሣ ብዙ የቆዩ ቆቦች ገና በጦርነቱ ወቅት ዓርማቸው ተፍቆ፣ ዳግም ተቀብተው አገልግለዋል።

ሁለተኛው ቀቢ ወታደሩ ነው። በሰሜን አፍሪካ በረሃ አሸዋ የሚመስል ቀለም፣ በሩሲያ በረዶ ላይ ኖራ ወይም ነጭ ቀለም ተጠቅሟል። ከ1943 ጀምሮም ለተሽከርካሪዎች የመጣውን ጠቆር ያለ ቢጫ፣ አረንጓዴና ቡናማ ቀለም በቆቡ ላይ አዥጎርጉሮ ቀብቷል። ብርሃን እንዳይመልስ ባልደረቀ ቀለም ላይ አሸዋ የነሰነሰም ነበር።

ሦስተኛው ቀቢ ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ነው። ኖርዌይ በ1945 ጀርመኖች እጃቸውን ሲሰጡ የቀሩትን ቆቦች በራሷ ቀለም ቀብታ ለጦሯና ለሲቪል መከላከያዋ ተጠቅማለች። በጀርመን ደግሞ የዕቃ እጥረት በበረታበት በዚያ ዘመን ቆቡ ተበሳስቶ የወጥ ቤት ማጥለያ ሆኗል። ረጅም የእንጨት እጀታ ተገጥሞለትም ገበሬዎች ፈሳሽ ፍግ የሚቀዱበት መጭለፊያ ሆኗል። የሰው ራስ ሲከላከል የነበረው ብረት እንዲህ ባለ መልኩ ወደ እርሻ ሥራ ገባ።

አራተኛው አጭበርባሪው ነው። እርሱ የሚቀባው የቀደሙትን፣ በተለይም የወታደሩን እጅ ለማስመሰል ነው።

ምርመራው ከብረቱ ይጀምራል

ቀለም በአንድ ቀን ሊለወጥ ይችላል፤ የብረቱን አሠራር መለወጥ ግን አስቸጋሪ ነው። የ1935 ሞዴል ጠርዙ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ሲሆን የአየር መተንፈሻ ቀዳዳው ለብቻው ተሠርቶ የተገጠመ ቀለበት አለው። የ1940 ሞዴልም ጠርዙ የተጠቀለለ ነው፤ ነገር ግን የቀዳዳው ከንፈር ከራሱ ከብረቱ ተጨፍልቆ የወጣ ነው። በ1942 ሞዴል ጊዜና ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ጠርዙ ሳይጠቀለል ቀርቷል።

ይህን ያወቀ ሰው ዓርማውን ከብረቱ ጋር ማስተያየት ይችላል። የምድር ጦሩ ንስር ባለበት የ1942 ሞዴል ቆብ ላይ ባለ ሦስት ቀለሙ ጋሻ ቢገኝ ጥርጣሬ ይፈጥራል፤ ጋሻው ከዚያ በፊት በ1940 እንዲነሣ ታዝዞ ነበርና። በአንጻሩ በ1935 ሞዴል ላይ ከሸካራው ቀለም ሥር ለስላሳ አረንጓዴ ግራጫ ቀለምና የተፋቀ ጋሻ ጠርዝ ቢታይ ከታሪኩ ጋር ይስማማል።

ሌላው ጥንቃቄ ተመሳሳዮቹን መለየት ነው። የሃንጋሪ የ1938 ሞዴል ከጀርመኑ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ከኋላው የተገጠመ የብረት ማንጠልጠያ አለው። ይህ ተነቅሎ ቀዳዳው ቢደፈንና ቢቀባ፣ ድፍኑ በውስጥ በኩል ሊታይ ይችላል። የፍግ መጭለፊያ የነበረውም ቆብ የእጀታው መያዣ የገባበት ቀዳዳ ይኖረዋል።

ቀጥሎ በውስጥ በኩል፣ ብዙውን ጊዜ በግራ ጎን፣ በብረቱ ላይ ተመትቶ የገባውን የፋብሪካ ምልክት መፈለግ ይገባል። «ኢቲ 64» የሚል ምልክት ቢገኝ ፊደላቱ በታለ ከተማ የነበረውን ፋብሪካ፣ ቁጥሩ የቆቡን መጠን ያመለክታሉ። «ኪው» የኤስሊንገኑ የክዊስት ፋብሪካ ነው። ወፍራም አዲስ ቀለም ይህን ምልክት ይደፍነዋል።

ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ

በቆቡ ውስጥ ስምንት ምላስ ያለው የቆዳ ገበር አለ፤ ገበሩ ከብረቱ ጋር በሦስት መያዣ ምስማሮች ይያያዛል። ከገበሩ ሥር ያለው ቀለም ከፀሐይና ከንክኪ የተጠበቀ በመሆኑ የመጀመሪያው የፋብሪካ ቀለም ብዙ ጊዜ በዚያ ይገኛል። በጦር ሜዳ የቀባ ወታደር ገበሩን ለመንቀል ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ ቀለሙ በምስማሮቹ ራስ ላይ አልፎ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ቆዳው ላይ ይንጠባጠባል። በምስማሩ ዙሪያ ቀለሙ ተሰንጥቆ ከሆነ ገበሩ በኋላ ተነቅሎ እንደነበር ይገመታል።

የመፋቅ ምልክቱም ይናገራል። በእውነተኛ አገልግሎት ቀለም የሚነሣው በአናቱ፣ በጠርዙና እጅ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ጭረቶቹም አቅጣጫቸውና ዕድሜያቸው የተለያየ ነው። በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ቆብ ግን ጭረቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላሉ። ቀለሙ ብረቱን ከበላ ዝገት በላይ ካረፈ ደግሞ ቆቡ ከዛገ በኋላ የተቀባ ነው።

መሣሪያም ያግዛል። በአልትራ ቫዮሌት ብርሃን ሥር አንዳንድ ዘመናዊ ቀለሞችና ማጣበቂያዎች ያበራሉ፤ ይሁን እንጂ ይህ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። በኤክስ ሬይ የሚሠራ መመርመሪያ ቀለሙ ከምን ከምን ንጥረ ነገር እንደተሠራ ዕቃውን ሳይጎዳ ያነባል። በአሴቶን ማጠብ ወይም መፋቅ ግን ማስረጃውን ለዘለዓለም ያጠፋል። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል የሚፋቀው ብናኝ ለጤናም አደገኛ ነው።

ከገንዘብ በላይ የሆነው ጉዳት

በዚህ ማጭበርበር የሚጎዳው ገዢው ብቻ አይደለም። አይሁዶችን በመፍጀት ግንባር ቀደም የነበረው የኤስ ኤስ ዓርማ ዋጋ ስለሚያስጨምር ብዙ ጊዜ በሐሰት ይለጠፋል። እንዲህ ያለው ቆብ ሙዚየም ቢገባ ትውልድ ያልሆነውን ታሪክ ይማራል። የጀርመን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 86ሀ የናዚ ምልክቶችን በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል፤ ለትምህርትና ለምርምር ሲሆን ግን ይፈቅዳል።

በእኛም ቤቶች ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀሩ ጎራዴዎችና ሌሎች ዕቃዎች አሉ። ለበዓል ወይም ለእንግዳ ያምሩ ብሎ መፈግፈግና መቀባት የባለቤታቸውን እጅ አሻራ ያጠፋል። ዕቃውን ባለበት ሁኔታ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ከማን እንደተወረሰ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መጻፍ፣ ከእርጥበትም መጠበቅ ይበቃል። ማንነቱን ማጣራት የፈለገ ሰው ከመንካቱ በፊት በአቅራቢያው ላለ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቢያሳይ መልካም ነው።