ስለ ደንባራ ለጋ ፈረስ አገራር

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ዐባይ በረሃ ለሚወርድ መንገደኛ የፈረስ መደንበር ቀላል ነገር አይደለም። በገደል አፋፍ ላይ አንዲት ቆቅ ከቍጥቋጦ ብትነሣና ፈረሱ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ቢዘል፣ ጋላቢውንም ራሱንም ለሞት ያደርሳል። ስለዚህ በወሎው ቦረና፣ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋ ለጋ ፈረስን መግራት ማለት ልጓም ማጉረስ ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱን ማስለቀቅ ጭምር ነው። ይህም የሚሆንበትን መንገድ በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ፈረስ ለምን እንደሚደነብር ማወቅ ይገባል። ፈረስ የሚዋጋበት ቀንድ የሌለው፣ ዋና መከላከያው ሽሽት የሆነ እንስሳ ነው። ዐይኖቹ በግራና በቀኝ ስለ ተተከሉ ከ360 ዲግሪ ወደ 350 የሚጠጋውን ዙሪያ ያያል፤ ነገር ግን ከግንባሩ ሥርና ከጭራው በስተኋላ ያለውን አያይም። በስተኋላው ድንገት የመጣው ወዳጅ ይሁን ጅብ ሊለይ አይችልም። እንግዲህ ሰው ሊቀርበው የሚገባው በትከሻው በኩል፣ በዝግታና ድምፁን እያሰማ ነው።

ሁለተኛው ነገር በጥቂት በጥቂቱ ማስለመድ ነው። ኮርቻው ከመጫኑ አስቀድሞ ፈረሱ ባዶ ጆንያ እንዲያሸት ይደረጋል፤ ቀጥሎ በጆንያው አንገቱና ጀርባው ይዳሰሳል፤ ከቀናት በኋላ ኮርቻው፣ በመጨረሻም ሰው ይወጣበታል። ከሁሉ የሚበልጠው ጆንያው የሚነሣበት ጊዜ ነው። ፈረሱ ጸጥ ሲል ቢነሣለት፣ ጸጥታ እንደሚያሳርፈው ይማራል፤ ሲዘል ቢነሣለት ግን መዝለል እንደሚያድነው ይማራል።

ሦስተኛው አለመምታት ነው። ባጃጅ ያስደነበረውን ፈረስ በአለንጋ እየገረፉ ማቅረብ፣ ሕመሙን ከባጃጁ እንደ መጣ እንዲቈጥረው ያደርጋል። የግሪኩ ጸሐፊ ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ አያያዝ ሲጽፍ ይህንኑ አመልክቷል፤ ሰውዬው ራሱ የሚያስፈራውን ነገር ነክቶ ቢያሳየውና ቀስ አድርጎ ቢያቀርበው ይሻላል ብሎ መክሯል። አባቶቻችንም «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» ይላሉ። ይልቁንም የለመደ ፈረስ በፊቱ ቢያልፍ፣ ፈረስ መንጋውን የሚከተል ስለ ሆነ፣ ለጋውም ደፍሮ ይከተለዋል።

በ1888 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል (አባ ሻንቆ) መሪነት ወደ ዐድዋ የዘመተው የወሎ ፈረሰኛ፣ የተኵስ ድምፅ የማያስበረግገው ፈረስ ያስፈልገው ነበር። ዛሬ ፈረስ የሚፈለገው ለገበያ፣ ለሠርግና ለጉግስ ነው፤ ሆኖም የሰው ነፍስ በጀርባው መሆኑ አልቀረም። በችኰላና በዱላ የተገራ ፈረስ ብዙ ጊዜ ዐመለኛ ተብሎ በርካሽ ይሸጣል። ፍርሃቱ ግን አብሮት ይሄዳል፤ ይህን የማያውቀው ገዢም ያንኑ ገደል ይወርድበታል። ስለዚህ በመግራት ላይ የሚጠፉት ሳምንታት እንደ ባከኑ ሊቈጠሩ አይገባም እንላለን።