አፈ ጠባብ ብልቃጥ

«የባዮፕሲው ውጤት ደረሰ?» ስትሉን «ዶክተሩ እያየው ነው» የምንላት ነገር አለች። ለእናንተ ልንገራችሁና፣ ብዙ ጊዜ ዶክተሩ ገና ዓይኑንም አላሳረፈበትም። ምኑን ያያል? ናሙናችሁ ጓዳ ውስጥ ሰም እየጠጣ ነው። የምሠራበትን ላቦራቶሪ ስም አልጠራም፤ የትም ያው ነው።

ሰም ስል የጧፍ ሰም እንዳይመስላችሁ። የእኛው ፓራፊን ነው፤ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ፣ 60 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ። ሰሙ ጋ ሳይደርስ ግን ነገሩ መንገድ ላይ ያልቃል። ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር የሚላክ ናሙና ወረታ ላይ ታጥፎ፣ አዲስ ዘመን ደርሶ፣ በጣራ ገዳም ግርጌ ሲያልፍ ዕጣው ተቆርጦ አልቋል። በምን? በብልቃጡ!

አትሳቁ። ከገላ የወጣ ቁራጭ ለስላሳ ስለሆነ በጠባብ አፍ ተገፍቶ ይገባል። እንዳይበሰብስ በሚነከርበት ፎርማሊን ውስጥ ሲያድር ይጠነክራል። በሉ እንግዲህ አውጡት! ከዚህ የሚብሰው ፎርማሊኑን ለቁጠባ ጠብ ያደረጉበት ነው። ከናሙናው ቢያንስ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ወደ ውስጥ የሚዘልቀውም በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በጉና ተራራ ብርድማ ጭራሽ ይለግማል። ትልቅ ዕጢ ሳይሰነጠቅ ከተነከረ ላዩ ይደርቃል፣ መሃሉ ይበሰብሳል። በሳላይን፣ በጨው ውሃ፣ የሚልኩም አሉ። «ፈሳሽ ውስጥ ነው፣ ምን ይሆናል?» ይላሉ። ይበሰብሳላ!

ሰም ከውሃ ስለማይስማማ፣ ደህና የደረሰው ናሙና ከ70 እስከ 100 ፐርሰንት በሚደርስ አልኮል ደረጃ በደረጃ ውሃው ይወጣለታል። ሰም ከአልኮልም አይስማማም፤ ስለዚህ ዛይሊን የሚባል ፈሳሽ መሃል ይገባል። ማሽኑ ይህን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። መብራት ካልጠፋ። ከጠፋ ሰሙ ይረጋል፣ ናሙናውም እዚያው ተቀርቅሮ ያድራል። ጠዋት እናንተ መስኮቱ ላይ ናችሁ፤ እኛም ያቺን መልሳችንን ይዘን ቆመናል።

አሁን የምወደው መጣ። የቆዳ ቁራጭ ሰም ውስጥ ሲቀመጥ በጎኑ ይቆማል እንጂ አይጋደምም፤ ምላጩ ንብርብሩን ሁሉ ከላይ እስከ ታች እንዲያሳይ። ካጋደማችሁት ዶክተሩ ላዩን ብቻ አይቶ ይቀራል። ከጨጓራ የሚቆነጠሩት ደግሞ ከምስር ያንሳሉ፣ ሰም ውስጥ ይጠፋሉ። መላው? ቀድሞ ኢዮሲን የሚባል ቀለም ማስነካት። ቀይ ሆነው ቁጭ!

መላጫ ማሽኑ፣ ማይክሮቶሙ፣ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን አድርጎ ይልጣል፤ አንድ የራስ ጸጉር 70 ማይክሮን ገደማ እንደሚወፍር አስቡት። ናሙናውን የያዘው ሰም፣ ብሎኩ፣ በረዶ ላይ ቀዝቅዞ ይቀርባል። ከልክ በላይ ቀዝቅዞ ሲሰነጣጠቅስ? ጎንበስ ብለን «ሀህ» እንልበታለን። አዎ፣ በትንፋሽ! ዲግሪ ያለውም የሌለውም «ሀህ» ይላል። የተላጠው ለብ ባለ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ሽብሽቡ ሲፈታ በመስታወት ስላይድ እናነሳዋለን። ወዲያው ውሃውን በሶፍት እንጠርጋለን፤ የሌላ ሰው ፍርፋሪ እናንተ ስላይድ ላይ ቢሳፈር አስቡት።

ስላይዱ ላይ ስም ደግሞ በእርሳስ ነው የሚጻፈው። ዛይሊን እስክሪብቶን ይልሰዋል።

አንድ የማንነግራችሁ ነገር ቀረ። ብሎኩ አይጣልም፣ ለዓመታት ይቀመጣል። ሌላ ሐኪም ይይልኝ ካላችሁ ከዚያው አዲስ ስላይድ ይላጣል፤ ሕመምተኛው ዳግም ቢላ ሥር አይገባም። ለምን አንነግራችሁም? መደርደሪያው አቧራማ ነዋ፤ ፈልጎ ማውጣቱ ደግሞ በእኛ ላይ ነው።