ከታክሲው ከወረዳችሁ በኋላ ማን ይከተላችኋል?
የታክሲ አፕ ያላችሁበትን ቦታ ካላወቀ ሾፌሩ አያገኛችሁም፤ በዚህ ክርክር የለም። ጥያቄው ከወረዳችሁ በኋላ ያለው ነው። ኡበር በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አፑን ሲያድስ፣ ጉዞው ካለቀም በኋላ ተሳፋሪውን እስከ 5 ደቂቃ የመከታተል ፈቃድ ጠየቀ። 5 ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች፤ የማንን በር እንዳንኳኳችሁ፣ የትኛው ክሊኒክ እንደገባችሁ ለማወቅ ግን ትበቃለች። ተቃውሞው በረታ፤ ኩባንያው በ2017 እ.ኤ.አ. ክትትሉን አስቀረ።

እስቲ አሁኑኑ የስልካችሁን ሴቲንግ ከፍታችሁ ሎኬሽን የተፈቀደላቸውን አፖች ተመልከቱ። ለታክሲ «አፑን ስጠቀም ብቻ» የሚለው ይበቃል። የባትሪ መብራት አፕ (አዎ፣ እሱም ይጠይቃል!) ሎኬሽን ምን ያደርግለታል? ከልክሉት። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለችና፣ «መረጃዬን ለምን ትሰበስባላችሁ?» ብላችሁ ኩባንያዎችን ጠይቁ።