«ሪኸርሳል» ሲሏችሁ ምን ማለታቸው ነው?

ባለፈው ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። መጀመሪያ ላይ «ሐሙስ፣ ድሬስ ሪኸርሳል» ይላል። እኔ «ድሬስ» የሚለውን ሳይ፣ ልጆቹ አምረው ለብሰው የሚቀርቡበት ቀን ነው ብዬ ደመደምኩ። ከታች ያለውን አላነበብኩም። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ፣ አበባ ገዝቼ ሐሙስ ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ከመምህሯና ከልጆቹ በቀር ማንም የለም። ትርኢቱ ለካ ዓርብ ማታ ነው! ዓርብ ደግሞ ፈረቃ የሚቀይረኝ ሰው አጣሁ። ልጄ መድረክ ላይ ቆማ ወንበሮቹን ስትቃኝ፣ እኔ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየደረደርኩ ነበር።

ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የራሴ ነው። እናንተ ግን እንዳይደርስባችሁ፣ ዛሬ ይህችን አንዲት ቃል አብረን እንያት።

ሪኸርሳል ማለት በአማርኛ ልምምድ ነው፤ ቴአትር ሠሪዎችና የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ደግሞ «ጥናት» ይሉታል። «የመዝሙር ጥናት አለብኝ» የሚል ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ቃሉን በእንግሊዝኛ ሲተረጉመው «ሪኸርሳል» ይበል። «ድሬስ ሪኸርሳል» የሚባለው የመጨረሻው ልምምድ ነው። ሁሉም እንደ ዋናው ቀን ለብሶ፣ መብራቱም ሙዚቃውም ተሟልቶ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይካሄዳል። ብዙውን ጊዜ ተመልካች አይጠራበትም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ይህን ካያችሁ ሥራችሁ ልጁን በሰዓቱ ማድረስና ልብሱን ማዘጋጀት ነው፤ ፈቃድ የምትወስዱት ለሌላው ቀን ነው።

የቃሉ አመጣጥ ደግሞ ገበሬ የሆነውን ወይም ገበሬ ያሳደገውን ሁሉ ደስ ያሰኛል። እንግሊዝኛ ይህን ቃል የወሰደው ከድሮ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ መነሻ ትርጉሙ «እንደገና ማለስለስ» ነው። ማረሻ ካለፈ በኋላ ጓሉን በባለ ጥርስ መሣሪያ መላልሶ መከስከስ ማለት ነው። እኛስ አገር ጤፍ የሚዘራ ሰው አንድ ጊዜ አርሶ ይዘራል እንዴ? ሦስትና አራት ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ይመላለስበታል። ጓል የበዛበት መሬት ላይ ያቺ ደቃቅ ፍሬ አትበቅልማ! ልምምድም እንዲሁ ነው፤ ያንኑ መሬት መመላለስ፣ እስኪለሰልስ።

አሁን ወደ ዘመዶቹ እንለፍ፤ እንግሊዝኛ አስቀድሞ ለመለማመድ ብዙ ቃል አለውና።

«ፕራክቲስ» ችሎታ ለማዳበር ዘወትር የሚሠራ ነው። እግር ኳስ ፕራክቲስ አለው፣ ሪኸርሳል ግን የለውም። ልዩነቱን በመኪና እናስረዳው። ኦሃዮ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መንጃ ፈቃድ ከማውጣቱ በፊት ከአዋቂ ጋር 50 ሰዓት መንዳት አለበት፤ ከዚህም 10 ሰዓቱ በማታ ነው። ይህ ፕራክቲስ ነው። ፈተናው ላይ ደግሞ 9 ጫማ ስፋትና 20 ጫማ ርዝመት ባለው ቦታ፣ በምልክቶች መካከል ወደ ፊት አልፎ ወደ ኋላ የመመለስ ክፍል አለ። ባዶ ፓርኪንግ ላይ ምልክት ደርድራችሁ ያንኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካደረጋችሁት፣ ሪኸርስ አደረጋችሁት ይባላል።

«ድሪል» ለአደጋ ጊዜ የሚደረግ ልምምድ ነው። ልጃችሁ «ዛሬ ፋየር ድሪል ነበረን» ካለ አትደንግጡ፤ እሳት አልተነሳም። «ቴስት» ደግሞ ሙከራ ነው። ፍራንክሊን ካውንቲ ውስጥ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የሚጮኸው ሳይረን ቴስት ነው። አዲስ የመጣ ዘመድ ካላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ከጦርነት ለመጣ ሰው ያ ድምፅ ቀላል አይደለም።

«ሪኸርሳል ዲነር» የሚል ግብዣ ቢደርሳችሁስ? እራት የሚለማመድ ሰው አለ እንዴ ብላችሁ አትሳቁ። አሜሪካኖች ብዙውን ጊዜ በሠርጉ ዋዜማ ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹና ወላጆች ተሰብስበው ማን ከማን ኋላ እንደሚገባ ይለማመዳሉ። ከዚያ በኋላ የሚበላው እራት ነው። ልጃችሁ አሜሪካዊ ቤተሰብ ውስጥ ካገባ፣ ይህ እራት ዘመዶች የሚተዋወቁበት ነውና አትቅሩ።

ቃሉ መጥፎ ጎንም አለው። አንድ ሰው ሲናገር «ሪኸርስድ ይመስላል» ከተባለ፣ ከልቡ ሳይሆን ሸምድዶ ነው ማለት ነው። ይህ በተለይ የዜግነት ቃለ መጠይቅ ለሚጠብቃቸው እናቶችና አባቶች ትልቅ ጉዳይ ነው። ማመልከቻቸውን ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያስገቡ ሰዎች ከ128 ጥያቄዎች ውስጥ እስከ 20 ይጠየቃሉ፤ ለማለፍ 12 መመለስ አለባቸው። እነዚህን መሸምደድ ይጠቅማል። መኮንኑ ግን ከማመልከቻው ላይም ይጠይቃል። «ኖ፣ ኖ» እያሉ ብቻ የተለማመዱ አረጋዊ፣ መኮንኑ ጥያቄውን በሌላ ቃል ሲያዞርባቸው ወይም «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ሲላቸው ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ ከእማማ ወይም ከአባባ ጋር ስትለማመዱ መልሱን ብቻ አታስጠኑ። ጥያቄውን በሦስት ዓይነት መንገድ ጠይቋቸው፣ ትርጉሙንም በአማርኛ ያስረዷችሁ። «ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ» ማለትንም በእንግሊዝኛ ይለማመዱት።

ልጆች፣ አሁን የእናንተ ተራ ነው። የግሱ አጻጻፍ አር፣ ኢ፣ ኤች፣ ኢ፣ ኤ፣ አር፣ ኤስ፣ ኢ ነው። መካከሉ ላይ «ሂር» የሚለው ቃል፣ ማለትም «መስማት» ተደብቋል፤ ሲነበብ ግን «ኸር» ነው። አጻጻፉን ለማስታወስ «የሚለማመድ ሰው ራሱን ይሰማል» በሉ። ከዚያ ይህን ለእናትና አባታችሁ አስተምሯቸው፤ እነሱም የአማርኛውን «ልምምድ» አጥብቀው ያስነብቧችሁ። የሚረዳችሁ ሰው ከጠፋ፣ የኮሎምበስ ሜትሮፖሊታን ቤተ መጻሕፍት ለተማሪዎች የቤት ሥራ እገዛ በነፃ ይሰጣል።

ወላጆች ሆይ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ዛሬ ማታ የልጃችሁን ቦርሳ ከፍታችሁ ወረቀቱን እስከ ታች አንብቡ። ያልገባችሁን ቃል ልጁን ጠይቁት፤ ልጅን መጠየቅ ነውር አይደለም። ዘንድሮ እኔ ጠይቄያለሁ። ኮንሰርቱ ሐሙስ ነው፣ ሪኸርሳሉ ረቡዕ። ፈቃዴን ለሐሙስ ወስጃለሁ፤ ልጄም ቀኑን በራሷ እጅ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋልኛለች።