ድልድዩ እስኪያልቅ ኪራዩን ማን ይከፍላል?

«መንገዱ ሊሠራ ነው» የሚል ወሬ በአንድ የንግድ ሰፈር ሲናፈስ ሁለት ዓይነት ገበያ ባንድ ጊዜ ይከፈታል። አንደኛው የተስፋ ገበያ ነው። ደላላው «ዛሬ ካልተያዘ ነገ አይቀመስም» እያለ የፊት ለፊት ሱቆችን ዋጋ ያስወድዳል፤ የቤቱ ባለቤትም ውል ለማደስ ያመነታል። ሁለተኛው የስጋት ገበያ ነው። ተከራዩ ነጋዴ ዕቃ ማስገባቱን ቀነስ ያደርጋል፤ በዱቤ የሚያስረክበው ጅምላ አከፋፋይም እጁን ይሰበስባል። መንገዱ ተሠርቶ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ትክክል ሆነው ይገኛሉ። ችግሩ ትርፉ ለአንዱ ሲደርስ ወጪውን የሚሸከመው ሌላው መሆኑ ነው።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ለቡ መብራት ኃይል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አካባቢው በ1990ዎቹ በቻይና የሥራ ተቋራጭ በተገነባው የቀለበት መንገድ ምክንያት የደቡብ አዲስ አበባ መተላለፊያ ሆኗል። የጀሞና የቫርኔሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነዋሪ በዙሪያው ሰፍሯል። የአዲስ አበባ – ጅቡቲ የባቡር መስመር በ2009 ዓ.ም. መስከረም ወር ሲመረቅ የመንገደኞች ጣቢያው ፉሪ ለቡ ላይ ሆነ። የፒያሳው አትክልት ተራ ደግሞ በጃንሜዳ በጊዜያዊነት ከቆየ በኋላ በ2013 ዓ.ም. በዚያው ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነው መኪና፣ ሲሚንቶና ፌሮ ብረት የሚያመላልሰው ሲኖትራክና የሚኒባስ ተሳፋሪው በአንድ አስፋልት ላይ የሚገፋፉበት አካባቢ ነው። የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን በቀለበት መንገዱ ላይ እንደ ኢምፔሪያልና ለቡ ያሉ አደባባዮችን በማሳለጫ ድልድይ ወደመተካት የገባውም በዚሁ ጭንቅንቅ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ በላይ የሚያሳልፈው ድልድይ አንድ ነገር ነው፤ ወንዝ የሚያሻግረው ሌላ ነው። ክፍለ ከተማውን ትንሹ አቃቂ ወንዝና ገባሮቹ ያቋርጡታል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ መንገድ ለማስፋት የሚነሳ ማንኛውም ዕቅድ ይዋል ይደር እንጂ ከወንዝ ጋር መጋጠሙ አይቀርም። የነጋዴው ዕጣም በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያ ነው።

ጉሮሮው ድልድዩ ነው

መንገድ ሰፍቶ ድልድዩ በነበረበት ከቀረ ጠርሙስ እንደመሥራት ይቆጠራል። በሁለት ረድፍ የመጣው መኪና ድልድዩ አፍ ላይ በአንድ ረድፍ ይሰለፋል። ለማስፋፊያው የወጣው ገንዘብም መኪናውን ቶሎ ወደ ወረፋው ከማድረስ የዘለለ ጥቅም አይሰጥም። በመሆኑም መንገዱና ድልድዩ በአንድ ዕቅድ፣ በአንድ የጊዜ ሰሌዳ ሊታሰቡ ይገባል።

ድልድዩን ለመሥራት ሦስት አካሄዶች አሉ። የመጀመሪያው አዲሱን ከአሮጌው ጎን መሥራት ነው። በባሕር ዳር ከተማ የተደረገው ይህ ነው። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ ከ1.4 ቢሊዮን ብር በላይ ወጥቶበታል። ሥራው ዓመታት ቢፈጅም አሮጌው ድልድይ አገልግሎቱን ስላላቋረጠ ከተማዋ ለሁለት አልተከፈለችም። ይህ አካሄድ ለንግድ የሚመች ቢሆንም ተጨማሪ ቦታ ይጠይቃል። የወንዝ ዳር መሬት በቤትና በመጋዘን በተያዘበት ከተማ ውስጥ ደግሞ ቦታ ማለት ካሳ ማለት ነው።

ሁለተኛው ግማሹን ዘግቶ ግማሹን እያስተላለፉ መሥራት ነው። ብዙ ቦታ አይወስድም፤ ነገር ግን ሥራው ይራዘማል። ሦስተኛው ጨርሶ ዘግቶ ተለዋጭ መንገድ መስጠት ነው። በተቋራጩ መዝገብ ላይ ርካሽና ፈጣን ሆኖ የሚታየው ይህኛው ነው። መዝገቡ ላይ የማይታየው ወጪ ግን በየሱቁ በር ላይ ይከፈላል። ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ የአትክልት መኪና ነዳጁን በዋጋው ላይ ይጨምራል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ቲማቲም ደግሞ ዋጋ ሳይቆረጥለት ይበላሻል።

ክረምት ተቋራጭን አይጠብቅም

በአዲስ አበባ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ይብሳሉ። የድልድይ መሠረት ቁፋሮና የምሰሶ ሥራ ወንዙ በሚያንስበት በበጋ ካልተጠናቀቀ፣ ክረምቱ የተቆፈረውን በደለል ይሞላዋል። ከጥቅምት የተጀመረ ሥራና ከመጋቢት የተጀመረ ሥራ በውል ላይ እኩል ወራት ቢሰጣቸውም እኩል አይጠናቀቁም። መጋቢት ላይ የጀመረው መሠረቱን ሳይጨርስ ዝናቡ ይደርስበታል፤ የተዘጋው መንገድም እስከሚቀጥለው በጋ ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል። ነጋዴ ስለ አንድ ፕሮጀክት ሲሰማ «መቼ ያልቃል?» ከማለቱ በፊት «በየትኛው ወር ይጀመራል?» ብሎ ቢጠይቅ ይበልጥ ይጠቀማል።

የውሃው መጠንም እንደ ድሮው አይደለም። ከወንዙ በላይ ያለው እርሻና ሜዳ ቤትና አስፋልት ሲሆን ዝናቡ ወደ መሬት መስረጉን ትቶ በቱቦና በቦይ ወደ ወንዙ ይሮጣል። ለትናንቱ ጎርፍ የተለካ ድልድይ ለዛሬው ይጠብበታል። ፕላስቲክና ግንድ ሲዘጋው ደግሞ ውሃው ወደ ጎን ገንፍሎ ምድር ቤት ያለ መጋዘን ውስጥ ይገባል። በመሆኑም የድልድዩ ከፍታና የአፉ ስፋት የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ወለል ላይ የተቀመጠበት ነጋዴም ጉዳይ ነው።

ሁለት ጊዜ መቆፈር

በአዲስ አበባ መንገድ ሥራን ከሚያጓትቱት ምክንያቶች ዋነኞቹ የወሰን ማስከበርና የመሠረተ ልማት ማንሳት ናቸው። የኤሌክትሪክ ምሰሶው የአንዱ ተቋም፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሩ የሌላው፣ የስልክ ገመዱ ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮም ነው። ተቋራጩ ማሽኑን አቁሞ ምሰሶ የሚነቅልለት ሲጠብቅ ሰሌዳው ይንሸራተታል። አስፋልቱ ከነጠፈ በኋላ ቱቦ ሊቀብር የሚመጣም አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ገመዶችን በአንድነት መሬት ውስጥ የመቅበር አሠራር የተያዘው ይህን ለማስቀረት ነው። ለቡን በመሰለ ወንዝ ያለበት ሰፈር ግን ቱቦውና ገመዱ ወንዙን የሚሻገሩበት ቦታ በድልድዩ ንድፍ ውስጥ አስቀድሞ ካልታሰበ፣ አዲሱ ድልድይ ሳይከርም ሊበሳ ነው።

ዋጋውም ቢሆን የጊዜ ልጅ ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ሬንጁ፣ የማሽን መለዋወጫውና የድልድይ ማጠንከሪያው ብረት ከውጭ በሚገባበት አገር የዘገየ ፕሮጀክት የተወደደ ፕሮጀክት ነው። የዋጋ ማስተካከያ የሚጠይቅ ተቋራጭ ሥራ ያቀዘቅዛል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አቧራው ሱቅ ውስጥ ይከርማል።

የሱቁ ሒሳብ

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በቀን የ20,000 ብር ሽያጭ ያለው ሱቅ በወር 26 ቀን ቢሠራ 520,000 ብር ይሸጣል። ከዚህ ላይ 12 በመቶ ቢያተርፍ 62,400 ብር ያገኛል። ኪራይ 30,000 ብር፣ ደመወዝና መብራት 15,000 ብር ሲነሳለት 17,400 ብር ይተርፈዋል።

መንገዱ ተቆፍሮ ሽያጩ በአንድ ሦስተኛ ቢቀንስ ትርፉ ወደ 41,600 ብር ይወርዳል። ኪራዩና ደመወዙ ግን አልቀነሱም። በመሆኑም ነጋዴው በየወሩ 3,400 ብር ከኪሱ ይጨምራል። ሥራው 6 ወር ቢፈጅ ያጣው ትርፍና ከኪሱ ያወጣው ተደምሮ 124,800 ብር ይሆናል። አንድ ዓመት ቢፈጅ እጥፍ ነው። የደንበኛ ሌላ ሱቅ መልመድ ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ሥራው ካለቀ በኋላም ቢሆን ገበያው ወደ ድሮ ቦታው ይመለሳል ማለት አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ያለፈባቸው ጎዳናዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ሐዲዱ በአጥር ሲከለል ከመንገዱ ማዶ ያለው ደንበኛ ለመሻገር ርቆ መሄድ ግድ ሆነበት። ማሳለጫ ድልድይም እንዲሁ ነው፤ በላይ የሚያልፈው መኪና ብዛቱ ቢጨምርም ቆሞ አይገዛም። ለነጋዴ የሚጠቅመው የሚያልፈው ሳይሆን የሚቆመው ነው። ስለዚህ ንድፍ ሲታይ የእግረኛ ማቋረጫው፣ የሚኒባስ ማቆሚያውና የዕቃ ማራገፊያው የት እንደሆነ ማጤን ያሻል።

ሕጉ የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ የተደረገበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ በላዩ ላይ ላለው ንብረት ካሳ እንዲከፈል ያዛል። አዋጁ የኢኮኖሚ ጉዳት ካሳ የሚባልም ያውቃል። ይኸውም መሬት በመለቀቁ ምክንያት ከሥራ፣ ከንግድ ወይም ከኪራይ የሚገኝ ገቢ ለሚቋረጥባቸው፣ ከቦታቸው ለተነሱም ሆነ ላልተነሱ ሰዎች የሚታሰብ ነው።

ቦታው ሳይነካ ከበሩ ፊት ለፊት ለወራት የተቆፈረበት ነጋዴ ግን በሁለት ወንበር መካከል ይወድቃል። የካሳው መነሻ የመሬት መለቀቅ እንጂ የገበያ መቀዝቀዝ አይደለምና። ተከራይ ከሆነ ደግሞ የሕንፃው ካሳ የሚከፈለው ለባለቤቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320ም የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ብቻ በመሆኑ የንግድ ቤት ተከራይ መከታው የፈረመው ውል ብቻ ነው።

ይህን ክፍተት በተቋራጩ ውል የሞሉ አገሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 በሎስ አንጀለስ የመሬት መንቀጥቀጥ የጣላቸውን የአውራ ጎዳና ድልድዮች ለመሥራት ለተቋራጩ 140 ቀን ተሰጠው። ቀድሞ ለጨረሰበት ለእያንዳንዱ ቀን 200,000 ዶላር ሽልማት፣ ለዘገየበትም ቅጣት በውሉ ገባ። ሥራው በ66 ቀን አለቀ፤ ተቋራጩም 14.8 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ ወሰደ። ከንቱ ልግስና አልነበረም፤ መንገዱ ተዘግቶ በሚውልበት በእያንዳንዱ ቀን ከተማው የሚያጣው ገንዘብ አስቀድሞ ተሰልቶ ነበር። በለንደንም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በተጨናነቁ ጎዳናዎች ላይ የሚቆፍር አካል ለያዘው መስመር በቀን እስከ 2,500 ፓውንድ እንዲከፍል ተደርጓል። የአዲስ አበባ አቅም የእነዚህ ከተሞች አቅም ባይሆንም ሐሳቡ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የተዘጋ መንገድ ዋጋ እንዳለው ውሉ ውስጥ መጻፍ ነው።

ነጋዴውስ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ የኪራይ ውል ሲፈረም ወይም ሲታደስ «መንገዱ ለሥራ ከተዘጋ ኪራዩ በዚህ መጠን ይቀንሳል» የሚል አንቀጽ ማስገባት ይበጃል። የቁልፍ ገንዘብ የሚከፍልም ከመክፈሉ በፊት ይህን ያስብ።

ሁለተኛ፣ ሱቅ ወይም መሬት የሚገዛ ሰው የይዞታ ማረጋገጫውን ካርታ አይቶ ብቻ አይመለስ። ካርታው የዛሬውን ይዞታ ሲያሳይ፣ የመንገዱን የወደፊት ስፋት የሚያሳየው የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ነው። ወንዝ ዳር ከሆነ የወንዙም ክልል መታየት አለበት። «ሁለተኛው ረድፍ ነገ አንደኛ ይሆናል» የሚለው የደላላ ቃል በፕላን ካልተደገፈ ቃል ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የዕለት ሽያጭን በመዝገብና በደረሰኝ መያዝ ያስፈልጋል። ገቢው ከቁፋሮው በፊት ስንት እንደነበር ማሳየት የማይችል ነጋዴ ከባለቤቱ ጋር ለመደራደርም ሆነ ጉዳቱን ለማስረዳት እጁ ባዶ ነው።

አራተኛውና ዋነኛው በኅብረት መቅረብ ነው። አዋጁ ከቦታቸው የሚነሱ ባለይዞታዎች ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ልማቱ እንዲመካከሩ ይፈልጋል፤ አስቸኳይ ከሆነ ይህ ጊዜ ሊያጥር ይችላል። ስብሰባው ሲጠራ ተከራዩም፣ ደላላውም፣ የዕቃ መኪና ባለንብረቱም ቢገኙ የሚጠየቀው ከካሳ ያልፋል። ሥራው በየትኛው ወር እንደሚጀመር፣ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ሜትር እንደሚቆፈር፣ ወደየሱቁ የእግረኛ መግቢያ ማን እንደሚያዘጋጅ፣ ምሰሶውና ቱቦው መቼ እንደሚነሳ ይጠየቃል። እነዚህ ጥያቄዎች ንድፉ ወረቀት ላይ ሳለ በእርሳስ የሚታረሙ ናቸው። አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ግን ማረሚያቸው ድጅኖ ነው። አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ያሉት ለወጥ ብቻ አልነበረም።