የጓንግ ዋናተኞች

የውድድር ዋና አራት ስልቶች እንዳሉት አንባብያን ያውቃሉ፤ ነጻው፣ የጀርባው፣ የደረቱና የቢራቢሮው ናቸው። በሦስት አጽቄ ስም የሚጠራው የቢራቢሮ ዋና ከደረት ዋና ተለይቶ ራሱን የቻለ ስልት የሆነው በ1952 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በኦሊምፒክ ለብቻው የቀረበው በ1956 በሜልቦርን ነበር። ይሁን እንጂ ቢራቢሮ ራሷ ውሃ ላይ ከወደቀች ክንፎቿ ተጣብቀው መነሣት ያቅታታል። እውነተኞቹን ዋናተኞች የምናገኘው ሌላ ቦታ ነው።

ከድንበር ማዶ አትባራ የሚባለው የጓንግ ወንዝ ክረምቱ አልፎ ሲሳሳ በመተማ ቆላ በየቦታው ኩሬ እየተወ ይሄዳል። በኩሬው ገጽ ላይ የምትሽከረከረውን የውሃ እናት የዋጠ ልጅ ዋና ይለምዳል ሲባል የሰማን ጥቂቶች አይደለንም። ልጁን ባይጠቅመውም ዝናዋ ከንቱ አይደለም፤ የኋላ እግሮቿን በሰከንድ ከ50 ጊዜ በላይ ትቀዝፋለች፣ ዓይኖቿም ለሁለት ተከፍለው ከውሃው በላይና በታች በአንድ ጊዜ ያያሉ።

ከእርሷ በታች ሌላ ጥንዚዛ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን በአንድነት እየገፋ ይዋኛል። በእግሮቹ ላይ የተደረደሩት ጸጉሮች ወደ ኋላ ሲገፋ ይዘረጋሉ፣ ወደ ፊት ሲመልስ ይታጠፋሉ፤ የደረት ዋናተኛም እጁን የሚከፍተውና የሚሰበስበው በዚሁ ምክንያት ነው።

የጀርባ ዋና ባለሙያው ግን ኖቶኔክታ ነው። ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ከውሃው ገጽ ሥር ይንጠለጠላል፤ ማዕበሉ ሲነቃነቅ እንደ መቅዘፊያ የረዘሙ እግሮቹን ወርውሮ ይደርስና ምርኮውን ወግቶ ይመጥጠዋል። (በእጅ የያዘውንም ሰው እንደ ንብ ስለሚወጋ ልጆችን ማስጠንቀቅ ይገባል።) ከሚወዳቸው ምግቦች አንዱ የትንኝ እጭ ነው።

የወባ ትንኝ እጭ እግር የለውም። ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ተኝቶ ይተነፍሳል፤ ሲደነግጥ ሰውነቱን ግራና ቀኝ እያወናጨፈ በጅራቱ በኩል ይሸሻል። ይህ አዋዋኝ ከኖቶኔክታ አያስመልጥም። ታዲያ እንዴት ይተርፋል? የሚተርፈው እናቱ ዋናተኞች ያልደረሱበትን ውሃ በመምረጧ ነው። በአገራችን ዋነኛዋ ወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አራቢየንሲስ ፀሐይ የሚያገኘውን፣ ጥልቀት የሌለውንና ገና የተጠራቀመውን ውሃ ትወዳለች፤ የከብት ኮቴ ወይም በዋልካ መሬት ላይ ትራክተር ያለፈበት ጎድጓዳ ይበቃታል። በቆላው ሙቀት እንቁላሉ በ10 ቀናት ገደማ ትንኝ ሆኖ ይበርራል፤ አዳኙ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ የሚሆነው ደግሞ ሰሊጥ አጫጆች ከደጋ በሚወርዱበት ወራት ነው። ለወባ ያልተለማመደ ሰውነት ይዘው በማሳ ዳር ዳስ ውስጥ ያድራሉ፤ በዳስ ውስጥ አጎበር መስቀል ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ውሃ ባለበት ሁሉ ኬሚካል መርጨት ለእኛ አስተዋይነት አይመስለንም። መድኃኒቱ እጩንም አዳኙንም ይገድላል፣ ቀድማ የምትመለሰው ግን ትንኟ ናት። በወንዙ ኩሬም ቢሆን ሣር በበዛበት ዳርቻ የሚደበቅ እጭ አይጠፋምና ሣሩን ማጽዳት ተገቢ ነው፤ ዋናተኞቹን ግን አንንካቸው። አካፋው አስቀድሞ መዝመት ያለበት በማሳው መካከል ወደሚያልፈው የትራክተር መንገድ ነው።